በግ ይሸለታል እንጂ አይገፈፍም፦ ስለ ጦስኝ የተደረገ ንግግር

(በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጦስኝ ለሚለቅሙ፣ ለሚሸጡና በጓሯቸው ለማልማት ለሚያስቡ ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ተጽፏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ሰላም ናችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ወሩ ግንቦት ነው፤ ሁላችሁም የእርሻ ሥራ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጊዜያችሁንም በከንቱ አልወስድም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጦስኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ጦስኝን ለመንዝ ሰው ማስተማር ምን ይሉታል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሽታውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ጦስኝ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አይደለም፤ ጦስኝ ከዚህ ተራራ እንዳይጠፋ እጃችን ምን ማድረግ እንዳለበት ልናገር ነው። ሦስት ነገር አነሣለሁ፦ አቆራረጡን፣ አደራረቁን፣ አተካከሉን። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ያዙልኝ።

እስቲ አስቀድመን ተክሉን ቀረብ ብለን እንየው። ይህችን ቅርንጫፍ ተቀባበሏት። ቅጠሏ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ጥንድ ጥንድ ሆና ፊት ለፊት ትወጣለች። አንዷን ቅጠል ነጥላችሁ ወደ ብርሃኑ አንሡና ተመልከቱ። ነጠብጣብ ይታያችኋል? እያንዳንዷ ነጥብ ትንሽ የዘይት ከረጢት ናት። አሁን በጣታችሁ እሹት። ከረጢቱ ፈነዳና ሽታው ወጣ። ጦስኝ ማለት ይህ ዘይት ነው። ዘይቱ ከሌለ የቀረው ድርቆሽ ነው። ይህን ነገር አትርሱት፤ በኋላ ስለ ማድረቅ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ይህ ተክል በሳይንሱ ስም ታይመስ ሺምፔሪ ይባላል። ሺምፔሪ የሚለው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኖሮ እዚሁ ካረፈው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ከቪልሄልም ሺምፐር የመጣ ነው። ቤተ ዘመዱ እነ በሶብላ፣ እነ ዳማከሴ ናቸው። ፈረንጅ አገር የሚበቅለው ጦስኝ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ካለው ደረቅ፣ ድንጋያማ ኮረብታ የመጣ ሌላ ዓይነት ነው። የእኛው ግን የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው። ከ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ እስከሚበቅሉበት ውርጭ ድረስ ይኖራል። ሰፊ እርሻ፣ ወፍራም አፈር አይፈልግም። ድንጋይ በድንጋይ መሐል፣ ስስ አፈር ላይ፣ ውሃ ቶሎ በሚወርድበት ተዳፋት ይበቅላል። ዝናብ ሲቋረጥ የሚችለውም ቅጠሉ ትንሽ፣ ግንዱም እንጨታማ ስለሆነ ነው።

እንጨታማ ነው አልኩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጦስኝን ሣር አድርገን ስለምናየው እንደ ሣር ነገ የሚመለስ ይመስለናል። ሣር አይደለም። ከታች፣ እግሩ አካባቢ ያለው ክፍል ዛፍ ነው፤ ትንሽ፣ አጭር፣ መሬት ላይ የተኛ ዛፍ። ዛፍን ነቅሎ በዓመቱ ይመለስልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እስር ጦስኝ አለ። ሁለቱም ከገበያ የተገዙ ናቸው። ማን እንደሸጣቸው አልናገርም፤ ሰው ለመውቀስ አልመጣሁም። እስቲ የመጀመሪያውን እንፍታው። ተመልከቱ፦ ለስላሳ ቀንበጥ፣ አረንጓዴ፣ ከታች በስለት የተቆረጠ። ሁሉም ቅጠል ነው፤ የሚጣል የለውም። ሁለተኛውን ደግሞ እንፍታ። ይህ ምንድን ነው? ሥር። ይህስ? ሥር። ይሄ ደግሞ አፈር፤ ጠረጴዛው ላይ ስንት እፍኝ አፈር እንዳራገፈ አያችሁ? እርሳስ የሚያህለውን ይህን ግንድ ልብ በሉ። ከድንጋይ ሥር በምትገኝ ስስ አፈር ይህን ያህል ለመወፈር ዓመታት ፈጅቶበታል። የተነቀለው በአንድ ደቂቃ ነው። ገዢዋም ቤቷ ስትደርስ ሥሩን ቆርጣ ትጥለዋለች። ማንም ያልተጠቀመበት ነገር ተነቀለ ማለት ነው።

እናንተ የበግ አገር ሰዎች ናችሁ። ባናውን የምትሠሩት ከምንድን ነው? ከበግ ፀጉር። በጉን ሸልታችሁ ትለቁታላችሁ፤ ፀጉሩ ያድጋል፤ መልሳችሁ ትሸልታላችሁ። ፀጉሩን ብላችሁ ቆዳውን ትገፍፋላችሁ? አትገፍፉም። በግ ይሸለታል እንጂ አይገፈፍም፤ ጦስኝም ይሸለታል እንጂ አይነቀልም። ከዚህ ስብሰባ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህ አይርሳችሁ፦ ይሸለታል እንጂ አይነቀልም!

ለመሆኑ ሰው ለምን ይነቅላል? ክፉ ስለሆነ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ማጭዱ ደነዝ ስለሆነ ነው። ደነዝ ማጭድ አይቆርጥም፣ ይጎትታል፤ በክረምት አፈሩ ሲርስ ደግሞ ሲጎተት ከነሥሩ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ለቀማው በእጅ ብቻ ሲሆን ነው። ልጆች በእጃቸው ጨብጠው ይመዛሉ፤ ቀጭኑ ይበጠሳል፣ ወፍራሙ ይነቀላል። ሦስተኛው ገበያው ነው። ሥር እስሩን ያወፍረዋል፤ ጦስኙ ብዙ ይመስላል። እዚህ ላይ የምትነግዱትን እለምናለሁ፦ ሥር ያለበት እስር ሲመጣላችሁ አትግዙ። ወይም በቅናሽ ግዙና ምክንያቱን ንገሩ። ለቃሚውን ከማንም ስብከት በላይ የሚያስተምረው የእናንተ ዋጋ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። የተሳለ ማጭድ ወይም መቀስ ያዙ። በግራ እጃችሁ የተክሉን እግር መሬት ላይ ተጫኑት፤ ይህ ሥሩ እንዳይናጋ ነው። በቀኛችሁ ከላይ ካለው አረንጓዴ ክፍል ግማሹን ብቻ ቁረጡ። ግማሹን ብቻ! ከተቆረጠበት በታች ቅጠል መቅረት አለበት። ለምን? ከታች ያለው ቡናማ፣ ቅጠል የሌለው እንጨት አርጅቷል፤ እስከዚያ ድረስ ዝቅ ብላችሁ ከቆረጣችሁት አያቆጠቁጥም። ተክሉ ሳይነቀል ቆሞ ይሞታል። «ሥሩን አልነካሁም እኮ፣ ለምን ደረቀ?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሠራው ስሕተት ይኸው ነው፤ እስከ እንጨቱ ድረስ አጭዶታል።

ሰዓቱስ? ጤዛው ሲነሣ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት። ጤዛ እያለ ከቆረጣችሁ ይሻግታል፤ ቀትር ላይ ከቆረጣችሁ ዘይቱ ይቀንሳል። ወቅቱ ደግሞ ማበብ ሲጀምር፣ ሐምራዊው አበባ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ሲጀምር ነው። ሽታው የሚበረታው ያኔ ነው። ሁሉንም ግን አትቁረጡ። ከሦስት ተክል አንዱን ለንቡና ለዘሩ ተዉለት። ቀፎ ያላችሁ ሰዎች ጦስኝ ያበበበት ተዳፋት ላይ ንቡ እንዴት እንደሚርመሰመስ ታውቃላችሁ። እያንዳንዷ አበባ ቢበዛ አራት ዘር ትይዛለች፤ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ አራት ዘሮች። አበባውን ካጨድነው በሚቀጥለው ክረምት ምን ይበቅላል?

ደግሞም በጥቅምት መጨረሻ ማጭዱን ስቀሉ። ውርጭ ከመግባቱ በፊት የተቆረጠው ቦታ መዳን አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ የተቆረጠ ጦስኝ ገና ለጋ ቀንበጥ እንዳወጣ ውርጭ ያቃጥለዋል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ቦታ ዘግቶ ማሳረፍ ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም። የመንዝ ጓሳ፣ ያ የጋራ የሣር መሬታችሁ፣ ለዘመናት የቆየው እንዴት ነው? አባቶቻችሁ በአጽመ ርስት፣ ማለትም ከቀደሙ አባቶች በተወረሰ የጋራ ርስት ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ሲደርስ በአንድነት ከፍተው ያጭዱት ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ዛሬም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ጓሳ ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ ይኖራል። ታዲያ የየቀበሌያችሁን የጦስኝ ተዳፋት ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አንዱን በዓመቱ ብታጭዱ፣ ሁለቱን ብታሳርፉ ምን ይከብዳል? ጦስኝ ያለበት ተዳፋት ቁልቁለት ነው። ተክሉ መሬት ላይ ተኝቶ አፈሩን አቅፎ ይዞታል። ከተነቀለ የሚሄደው ጦስኙ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም በመጀመሪያው ዶፍ ተጠርጎ ገደል ይገባል። አፈሩ የሄደበት ድንጋይ ላይ ደግሞ መልሶ የሚተክል የለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ አደራረቁ እንሂድ። ቅድም ያሻችሁትን ቅጠል አስታወሳችሁ? ከረጢቱን? እንግዲህ የማድረቅ ሥራ ማለት ውሃውን አውጥቶ ዘይቱን ማስቀረት ነው። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ሁለቱም ይሄዳሉ። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሽታው ይጠፋል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ሰሌን ወይም ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ ከሦስት ጣት ባልበለጠ ውፍረት በትኑት። በቀን አንድ ጊዜ ገልብጡት። በደረቅ ወቅት ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ይበቃዋል፤ ደመና ካለ ይረዝማል። ግንዱን ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ አልደረቀም። አራት ኪሎ ርጥብ ጦስኝ ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን አስሉ፤ በርጥቡ ዋጋ ደረቁን የሚሸጥ ሰው ከአራት እጅ ሦስቱን ይከስራል።

የሚበላሸው የት ነው? ሦስት ቦታ አይቻለሁ። ርጥቡን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ ማሳደር አንዱ ነው። እጃችሁን ብትከቱበት ያቃጥላችኋል፤ ሌሊቱን ሲግል አድሮ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ሌላው ምድጃ ካለበት ቤት ማንጠልጠል ነው። ጦስኝ ጢስ ይጠጣል፤ ሻዩ የኩበት ጢስ ጢስ ይላል። ሦስተኛው እስሩን አጥብቆ አስሮ ማድረቅ ነው፤ ውጭው ደርቆ መሐሉ ይሻግታል። የሻገተ ጦስኝ አይታጠብም፣ አይመረጥም፤ ይጣል። ከደረቀ በኋላ በእጅ አሽታችሁ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለዩ፣ በወንፊት አበጥሩ፣ አሸዋው ይውረድ። ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ማሰሮ ውስጥ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ። እንዲህ ከተቀመጠ ዓመት ይዘልቃል። ሳትፈጩት አስቀምጡት፤ የተፈጨ ቶሎ ይበናል።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ አልልም፤ በዚህ እናቶች ይበልጡኛል። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል ይበቃል። ውሃውን አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፣ ጦስኙን ጨምሩ፣ ክደኑ። ክደኑ! ከላይ የሚወጣው እንፋሎት ነው መድኃኒቱም ጣዕሙም። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ለበርበሬና ለሽሮ ደግሞ ከሚቆላው ጋር አትቁሉት፤ መጨረሻ ላይ፣ ወደ ወፍጮ ሲሄድ ይቀላቀል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለሆድ ሲጠጣ ኖሯል፤ ጥሩ ነው። የደም ግፊት ኪኒን የታዘዘለት ሰው ግን «ጦስኝ እጠጣለሁ» ብሎ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ። ነፍሰ ጡር እናት ጠንካራ አድርጋ እንዳትጠጣ። የተነጠረው ዘይት ደግሞ በምንም መንገድ አይጠጣም፤ ጠብታው ጨጓራን ያቃጥላል።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ፣ አተካከሉ። ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ ተስፋ ያለው ነገር ነው። ከተራራው ጫናውን የምናነሣው ጓሯችን ውስጥ ስንተክለው ነውና።

መጀመሪያ አፈሩ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ እነዋሪ፣ ሜዳው ሁሉ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ጦስኝ ደግሞ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል። «ተከልኩት፣ ሐምሌን አላለፈም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብርድ አልገደለውም፤ ውሃ ነው የገደለው። መፍትሔውን የእነዋሪ ገበሬ ያውቀዋል፤ ስንዴውን ለመዝራት በእጁ መደብ እያወጣ፣ ውሃውን በቦይ እየሸኘ የሚያርስ ሰው ነው። ለጦስኝም እንደዚያው መደብ አውጡ፤ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበል፣ ከሥሩ ጠጠር ይነጠፍ፣ ላይኛው አፈር ላይ አሸዋ ይቀላቀል። ቀይ ወይም ድንጋያማ አፈር ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ ቁልቁለቷን ጥግ ስጡት፣ ይበቃዋል።

ፍግ አታብዙ። አውቃለሁ፣ ፍግ ለጎመን ነፍስ ነው። ጦስኝ ግን ሲጠግብ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ሽታው ይሳሳል። ለአንድ ጉድጓድ አንድ እፍኝ የበሰለ ብስባሽ፤ ከዚያ በላይ አያሻውም።

ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ግን ዘሩ ደቃቅ ነው። አፈር ካለበሳችሁት አይበቅልም፤ ከላይ በትናችሁ በመዳፍ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም። ቀላሉ መንገድ ተክሉ ራሱ የሚሠራውን መኮረጅ ነው። መሬት የነካው ቅርንጫፍ ሥር ሲያወጣ አይታችኋል? እናንተም ረዘም ያለ ቅርንጫፍ ምረጡ፣ መሐሉን መሬት አስነኩት፣ እፍኝ አፈር አልብሱት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑበት። ከሁለት ወር በኋላ ድንጋዩን አንሥታችሁ ብታዩ ሥር አውጥቷል። ከእናቱ ቆርጣችሁ ወደ መደቡ ውሰዱት። እናቲቱም አልተጎዳች፣ ልጁም ተገኘ።

ብዙ ለሚፈልግ ደግሞ በቁራጭ ነው። አበባ ያልያዘ ቀንበጥ ፈልጉ፤ ከጫፉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ፤ ያ ክፍል ነው አፈር የሚገባው፤ ቅጠል ይዞ ከገባ ይበሰብሳል። ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የጫካ አፈር ቀላቅላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ሙሉ፤ ታቹን መበሳት እንዳትረሱ። በስንጥር ቀዳዳ አበጁ፣ ቁራጩን ክተቱ፣ ዙሪያውን በጣት ጠበቅ አድርጉ። ጥላ ሥር አኑሩት። ውሃ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ በስሱ፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሆነው ቀስ ብላችሁ ጫፉን ሳብ አድርጉት። እንቢ ካለ ሥር ይዟል። መጥቶ ከወጣ ወዲያው መልሳችሁ ትከሉት፤ ከሦስት አንዱ ባይዝ አትዘኑ፣ ያለ ነው።

ወደ መደብ የሚዛወረው በሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። በመጀመሪያው ዓመት አትቁረጡት፤ ጫፉን ብቻ ቆንጥሩት፣ ወደ ጎን እንዲሰፋ። አረሙን በእጅ ንቀሉ፤ በመኮትኮቻ ሥሩን ትነካላችሁ። ጥቅምት ሲገባ ለጋውን ማታ ማታ በጭድ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። በሁለተኛው ክረምት መውጫ ላይ፣ ቅድም እንዳልኩት ግማሹን ብቻ፣ ማጨድ ትጀምራላችሁ።

እነሆ፣ በሩ አጠገብ በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ቁራጮች አሉ። ዛሬ ጠዋት ከችግኝ መደብ ነው የተቆረጡት፤ ከተራራው አንድም አልተነካም። ለየሰው አምስት አምስት ይደርሳል። መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳያገኛቸው ነጠላችሁ ሥር ያዟቸው፣ ጨርቁ ከደረቀ ውሃ አርከፍክፉበት። ለነገ አታሳድሯቸው፤ ዛሬውኑ ማታ ይተከሉ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ እናቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር።